የበኃይሉ ዳሌ

ማርቲ በዓመት አንድ ጊዜ ትደውል ነበር። ዳሌያቸው የተቀየረላቸውን ሰዎች በሚከታተለው የሆስፒታሉ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ፊቷን አይቼው አላውቅም። ጥያቄዎቿ አይለወጡም ነበር። ሕመም አለው? ካልሲውን ራሱ ያጠልቃል? ደረጃ ይወጣል? ሳያርፍ ምን ያህል ይሄዳል? ባሌ በኃይሉ ስልኳን ስለማያነሳ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ይሄዳል። ይወጣል። ያጠልቃል። ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርስብኝ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዳሌው የተቀየረው በ2003 ዓ.ም. ነው። የሚነዳው አይሱዙ ሞጆ አጠገብ ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ። ስብራቱ ገጠመ፤ በዓመቱ ግን የጭኑ ራስ ደም አጥቶ ሞቷል ተባለ። ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ አወጣና በቦታው ብረት ተከለ። የብረቱ አንድ ጫፍ እንደ ችንካር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ጫፍ ኳስ ሆኖ የፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ ይዞራል። ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ቁጢጥ ማለት የለም። አጎንብሶ መሬት መንካት የለም። ያን እግር ወደ ውስጥ ማዞር የለም።

"የብረቱ ዕድሜ ስንት ነው?" አለ በኃይሉ።

"አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት። እንደ አያያዝህ ነው። አንተ ገና ሠላሳ ስምንትህ ነው፤ ወጣት ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል።"

በክራንች የሄደበት ጊዜ ከትዳራችን ሁሉ ጸጥ ያለው ነበር። ክራንቹ የግቢውን ሲሚንቶ ሲመታ ይሰማኛል፤ ከወጥ ቤት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ለማለፍ ጊዜ ነበረኝ። ልጃችን ውዳሴ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። ክራንቹን በጣለ በሳምንቱ ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሆዴን ረገጠኝ። የረገጠኝ በአዲሱ እግሩ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ትንፋሼን ስፈልግ እሱ ቆም ብሎ እግሩን ተመለከተ።

"ይሠራል" አለ።

ብረቱን እንድንደብቅ ያደረገን የገዛ ምስክርነቱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እናቱ ከከተማ ውጭ ወስደውት ሦስት ሳምንት ተጠመቀ። ሲመለስ ምእመናን በተሰበሰቡበት ማይክ ተቀብሎ፣ "ሐኪሞች እግርህ አይድንም ብለው ነበር። ይኸው በጠበል ቆሜያለሁ" አለ። እልልታው ቀለጠ። ስለ ብረቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠን እጄን ያዘኝ። ላየን ሰው እጅ ለእጅ የተያያዝን ባልና ሚስት ነን። ትንሿን ጣቴን ወደ ኋላ እያጠፈ፣ "ብረት የሚል ቃል ከአፍሽ ከወጣ ምላስሽን ነው" አለኝ። ጣቴ ሲሰበር መስኮቱን እያየሁ ነበር። ለጎረቤት የመኪና በር ነው አልኩ። ጣቴ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም።

ከዚያ ወዲህ መካኒሳ አቦ አካባቢ ስሙ "በጠበል የዳነው በኃይሉ" ሆነ።

የንስሐ አባታችን አባ ሚሳኤል ደግ ሰው ናቸው። በኃይሉ ከብረቱ በቀር የሚደብቃቸው ነገር አልነበረም። በመታኝ ማግስት ሄዶ ይናዘዛል፤ እንባው የውሸት አልነበረም። እሳቸውም ገዳም ያደጉ ናቸውና ሥጋን የሚገራው ድካም ነው ብለው ያምናሉ።

"የበደለው እጅህና እግርህ ነው። እነሱ ይስገዱ" ይሉታል።

አርባ አንድ ስግደት፣ በየቀኑ፣ ለአርባ ቀን። ጥርሴን ያወለቀ ጊዜ ደግሞ ለሦስት ወር።

ሰሌኑን የማነጥፍለት እኔ ነበርኩ። ይጎነበሳል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ይነሳል። ሐኪሙ የከለከለው ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ስግደት ውስጥ አለ። እሱ ቁጥር ስለሚጠፋበት ከጎኑ ቆሜ እቆጥርለት ነበር።

"ስንት ደረስኩ?"

"ሃያ አራት።"

ሠላሳ ደርሶ ነበር።

የሚፋተግ ነገር እንደሚያልቅ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ገብቻለሁ፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እያወቅኩ ነው ሰሌኑን ያነጠፍኩት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፦ እኔና ልጄ ጋ እንዳይደርስ።

በአሥረኛው ዓመት ማነከስ ጀመረ። ለማርቲ ነገርኳት። "ይምጣና ራጅ ይነሳ። ላልቶ ከሆነ አጥንቱን ሳይጎዳ በጊዜ ይቀየራል" አለች። ይህን ነገርኩት። ስልኬን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው፤ ስብርባሪውን ስለቅም እጄን ረገጠው። አንድ ጊዜ ነገርኩት፤ ሁለተኛ አልነገርኩትም።

ሲያነክስ እናርፋለን ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሲያነክስ ዱላ ያዘ፤ ዱላ ደግሞ ከእግር ይረዝማል። ውዳሴ አሥራ አምስት ሲሞላት እሷንም ጀመራት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ዘገየሽ ብሎ በሹሩባዋ ከበሩ እስከ ሳሎን ጎተታት። አሥራ አንድ እርምጃ ነው። የተጎተተችበት ሲሚንቶ ላይ ከጉልበቷ የወጣ ደም ነበር፤ እሷ ሳታየው አጠብኩት።

ባለፈው ዓመት ስቅለት ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰገደ። ካህናቱ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ ለሰው ሁሉ ቁጥር ሲሰጡ እሱ በተሰጠው ላይ ሌላ ለመነ። ሁለት ሰዎች በብብቱ ደግፈው አመጡት።

"ቲቸር፣ ደስ ይበልሽ፤ አምስት መቶ ሰግዷል!" አለኝ አንደኛው።

በኃይሉ ፊቱ አመድ መስሎ ፈገግ አለ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ዳሌው ያርፋል። እኔና ውዳሴ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምንፈራው ያን ሃምሳ ቀን ነው። ቀኖናው ለኋላ ይቆያል፣ ዱላው አይቆይም።

የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ስልኬ ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ውዳሴ አነሳችው። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው።

"አዎ፣ ልጁ ነኝ... አዎ፣ ብረት የተደረገለት እሱ ነው። ዳሌው ላይ። አዎ!"

ከጎረቤታችን ከጸሐይወርቅ ቤት የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። የእሷ ሬዲዮ እኛ ጋ ይሰማል፤ የእኛ ጩኸት እሷ ጋ። በኃይሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ።

"ለማን ነው የምታወሪው?"

"ከሆስፒታል ነው አባዬ፣ ስለ እግርህ—"

የመጀመሪያው ዱላ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አገኘው። ሮጬ ስገባ ደሙ በአንገቷ ወርዶ የዩኒፎርሟን ኮሌታ አርሷል። እርጥብ አንሶላ እጄ ላይ ነበር፤ ወረወርኩበት። ዞሮ ማጅራቴን ሲስት አንገቴ ሥር ያለውን አጥንት አገኘኝ። ስንጥቅ ሲል ሰማሁት። ወደቅኩ። ውዳሴ መኝታ ቤት ገብታ አልጋ ሥር ተሸሸገች፤ ልጅ ሳለች የምትደበቀው እዚያ ነበር።

"ውጪ!"

"አባዬ በእመብርሃን!"

"ስሟን አትጥሪ! ለሰፈር ልታሰጪኝ ነው? ውጪ አልኩ!"

ዱላውን አልጋው ሥር እየሰደደ ወጋት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እየተሳብኩ በሩ ጋ ስደርስ ዱላው ግድግዳውን እንጂ እሷን እያገኛት አልነበረም። ተናዶ ጣለው። ቁጢጥ አለ። ያን እግሩን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ትከሻውን አልጋው ሥር አስገብቶ ፀጉሯን ጨበጠና በሙሉ ኃይሉ ሳበ።

ወፍራም ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ውዳሴ በሌላው በኩል ወጣች። በጡጫው ውስጥ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉሯ ነበር። እግሩ አጥሯል፤ ጉልበቱ ወደ ሌላኛው እግር ዞሮ ቀርቷል። ውዳሴ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አምቡላንስ ልጥራ" አልኩ።

"ሐኪም ቤት የለም! ዑስማንን ጥሪ! ሰምተሻል? ዑስማንን!"

ያን ቀን ትእዛዙን ሳልዘገይ ፈጸምኩ።

ጋሽ ዑስማን ከቡታጅራ የመጡ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ወጌሻ ናቸው። ለእጃቸው ዋጋ አይቀበሉም፤ ሰፈሩ ውስጥ በእሳቸው እጅ ያልታሸ ሰው ጥቂት ነው። የበኃይሉንም ትከሻ አንድ ጊዜ መልሰውለታል። ሲደርሱ ጸሐይወርቅን ጨምሮ ሰባት ስምንት ጎረቤት መኝታ ቤቱን ሞልቶታል። ውዳሴ ጆሮዋ ላይ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ስለ ፎጣው የጠየቀ የለም።

"አንተ በኃይሉ፣ በጠበል የቆመን እግር ደግሞ ማን ቀንቶ አወለቀው?" አሉ ጋሽ ዑስማን እየተቀመጡ።

"ዓይን ነው እንጂ!" አለች ጸሐይወርቅ። "አምስት መቶ ሲሰግድ ያየ ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው።"

"አንቺም አውርተሻል?"

"እኔማ አሞገስኩ!"

ሰዉ ሳቅ አለ። ጋሽ ዑስማን አልሳቁም፤ እጃቸው ዳሌው ላይ ቆሟል። ሱሪውን ዝቅ አድርገው ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ተከተሉት።

"ይህ የቢላ ነው። ሐኪም ከፍቶታል። ውስጡ የቀረ ብረት አለ?"

በኃይሉ አየኝ። አሥራ አራት ዓመት ስዋሽለት ኖሬያለሁ፤ የመኪና በር ነው፣ ደረጃ ነው፣ የወደቀ ድስት ነው እያልኩ። አሁን ግን እውነቱን እንድናገርለት ነው የፈለገው። እሱ ሳይል እኔ እንድለው። ያኔ ሚስቱ አዋረደችው ይባላል እንጂ ዋሸ አይባልም። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። ዝም ብዬ አየሁት።

"የለም" አለ በመጨረሻ።

"ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ" አሉ ጋሽ ዑስማን ወደ እኔ ዞረው። "ካለ እጄን አላሳርፍም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። አለ ወይስ የለም?"

ከአንገቴ ሥር ያለው አጥንት በተነፈስኩ ቁጥር ይፋጫል። ውዳሴ በሩ ላይ ነች፤ እሷም ታውቃለች፤ እሷም ዝም አለች። ሐኪም ቤት ከሄደ በአንድ ሰዓት ይመልሱለታል፣ በሳምንት ይቆማል ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው።

"እሱ የለም ካለ የለም፣ ጋሽ ዑስማን።"

ሁለት ጎረቤቶች ወገቡን ያዙት። ጋሽ ዑስማን "ቢስሚላህ" ብለው ጉልበቱን አጥፈው፣ ክንዳቸውን ከሥሩ አስገብተው ሳቡ። አልተመለሰም። አጠንክረው ሳቡና ወደ ውጭ አዞሩት። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚጮህ ጮኸ። ጭኑ መሃል ላይ፣ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። በኃይሉ ድምፅ አላወጣም፤ ዓይኑ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ቀረ። ከያዙት አንደኛው ወጥቶ አስታወከ።

ጋሽ ዑስማን እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው አነሱ። መዳፋቸውን አገላብጠው ተመለከቱት።

"ይህ አጥንት አይደለም" አሉ። ቀጥለው ሁለታችንንም እያዩ፣ "እጄን ዋሻችሁት" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አይቀበሉም።

ወደቀ ብለን ሆስፒታል ስናደርሰው ራጁን ያሳየኝ ዶክተር ሲራክ የሚባል ወጣት ነው። ኳሱ ከጽዋው ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ተቀምጧል፤ አጥንቱ በብረቱ ዙሪያ ተሰንጥቆ እስከ ታች ወርዷል።

"ፕላስቲኩ እንደ ወረቀት ሳስቷል" አለኝ። "አጥንቱ ውስጥ የገባው ዘንግም ቀድሞውኑ ላልቶ ይወዛወዝ ነበር። በእንክብካቤ ቢሆን ገና ብዙ በሄደ። ሥራው ምንድን ነው?"

"ይሰግድ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ጭኑ የተሰበረው ሲወድቅ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?"

"ሲወድቅ።"

"አንቺስ? ትከሻሽን ለምንድን ነው የያዝሽው?"

"በር ነው" አልኩት።

ለእንዲህ ያለው ስብራት ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል፤ እስኪመጣ እግሩ ክብደት ተንጠልጥሎበት ይጠብቅ ተባለ። ከሥራ እየወጣሁ በየቀኑ ሾርባ አመላልስ ነበር። ክንዴ በፎጣ ታስሮ በአንድ እጄ ነበር የማጎርሰው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጎርሶ ሲጨርስ፣ "ሲተከልልኝ እንደ ድሮው ትሄዳለህ ብሎኛል ሐኪሙ" አለ።

"ነግሮኛል።"

"አይቼሻለሁ። ዑስማን ሲጠይቅሽ።"

"አንተም የለም ብለሃል።"

"እኔ ፈርቼ ነው። አንቺ ግን አልፈራሽም።" ዓይኑን ከጣራው ወደ እኔ መለሰ። "ቆሞ ይመታናል ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

ይቆጣል ብዬ እጁን ተመለከትኩ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

"ልክ ነሽ" አለ። "እመታችሁ ነበር።"

በትዳራችን ውስጥ ከነገረኝ ሁሉ ያመንኩት ይህን ነው። አፉን ጠረግኩለት። ትራሱን ሳስተካክል ግንባሩን እጄ ላይ አሳረፈ፤ እጄንም አልሳብኩትም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከእግሩ የተነሳ የረጋ ደም ሳንባው ገባ። ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ደረቱን ይዞ ተነሳ፤ እግሩን የሳበው ክብደት ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ፤ በአፉ ሮዝ አረፋ ወጣ። ነርሶቹ ደረቱን እየደቁ የጎን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እስኪያቆሙ ድረስ ሾርባውን ይዤ ቆምኩ።

በቀብሩ ላይ ስለ ጠበሉ ተወራ። እኔም ምንም አልተናገርኩም። ከአርባው በኋላ ግን ለአባ ሚሳኤል ለብቻቸው ነገርኳቸው፤ ብረቱን፣ የከለከለውን ሐኪም፣ ሰሌኑን፣ ሠላሳውን ሃያ አራት ማለቴን፣ ጋሽ ዑስማንን።

"ስግደቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "አንድ ቃል ብትነግሪኝ በጾም፣ በምጽዋት እለውጠው ነበር።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ለአንቺ የምሰጥሽን ቀኖና አላውቀውም። ቆይ፣ ልጸልይበት።"

ዓመት ሊሆን ነው፤ እስካሁን አልሰጡኝም። ስንገናኝ መስቀል ያሳልሙኛል፣ ይባርኩኛል፣ ያልፋሉ።

ማርቲ ባለፈው ሳምንት ደወለች። እንደ ወትሮው ሕመም አለው ብላ ጀመረች። መሞቱን ስነግራት ደነገጠች፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለች። የወረቀት ድምፅ ሰማሁ።

"ይቅርታ፣ መሙላት ስላለብኝ ነው። ከመሞቱ በፊት ብረቱ ወጥቷል? ተቀይሯል?"

"አልወጣም። ከነብረቱ ነው የተቀበረው።"

"እንዲያ ከሆነ በእኛ መዝገብ ብረቱ አልተበላሸም ነው የሚባለው። ሳይቀየር ሰውየውን አገልግሎ ጨርሷል ማለት ነው።"

ውዳሴ ጠረጴዛው ላይ እያጠናች ነበር፤ ፀጉሯ የተነቀለበት ቦታ በሻሽ ተሸፍኗል፤ አንዱ ጆሮዋ ስለማይሰማ ደህናውን ወደ እኔ አዘንብላለች።

"ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

"ምክንያቱስ? መላላት፣ መውለቅ፣ ስብራት፣ ኢንፌክሽን አለ።"

"የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ።"

"አንዱን ነው የምመርጠው።"

"ስብራት በይው።"

ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ፋይሉ ስለሚዘጋ ከእንግዲህ አንደውልም። አሥራ አምስት ዓመት ስላስቸገርንሽ ይቅርታ" አለች።

"አላስቸገራችሁኝም።"

ስልኩን አስቀመጥኩ።

"ማን ነው እማዬ?"

"ከሆስፒታል። ከእንግዲህ አይደውሉም።"

ውዳሴ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ከእኛ ቤት ውጭ ስለ በኃይሉ የሚጠይቀኝ ያ ስልክ ብቻ ነበር። "ዳሌ" ብዬ ነው ቁጥሩን የመዘገብኩት። ላጠፋው ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ያቺ ቀጥ የማትለው ጣቴ ከጎን ቆማ ነበር። አላጠፋሁትም።